አላቅፋትም ያልኩበት ቀን

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ በጀርባህ ተኝተህ መኪና ሥር ትስላለህ? ባለቤትህ እንዴት ናት፣ ወገቧስ ተሻላት? የትልቋ ልጅህ የሚነቃነቀው ጥርስ ወለቀ? ትንሹ ልጅህ ጉልቤውስ ሰሞኑን ማንን ነክሶ ዋለ? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። ከጉዞው በኋላ እግሬ አብጦ ሁለት ቀን የእህትህን ነጠላ ጫማ ስጎትት ነበር፤ አሁን ግን የራሴ ጫማ ይገባኛል። ከእናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

ሚጢጢም ደህና ናት። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ወደ ታች የምታነበው እንዳያስደነግጥህ ነው። የእህትህ ልጅ ምንም አልሆነችም፤ እናቷ እጅ ገብታለች፤ ይኸው ይህን ስጽፍ እንኳ ጠረጴዛው ሥር ገብታ በማንኪያ እግሬን ትመታለች። እህትህ «በደህና ገቡ» ብላ ደውላልሃለች። እውነቷን ነው፣ በደህና ገባን። እንዴት እንደገባን ግን ለእሷም አልነገርኳትም። ለአንተ በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ጀምሬ አቋረጥኩት። አንተም «ሄሎ? ሄሎ? እማዬ?» አልክ፣ እኔም «ኔትወርኩ ነው» አልኩህ። ኔትወርኩ አልነበረም።

የልጅ መኪና ወንበሩን ተሸክመህ የመጣህ ዕለት ባለቤትህ «ይሄ ሁሉ ዙፋን ለአሥራ ስምንት ወር ልጅ? ልትነግሥ ነው እንዴ የምትሄደው?» ብላ እንደሳቀች ታስታውሳለህ። አንተ ግን ወንበሩን ከወጥ ቤት ወንበር ጋር አስረህ፣ ቀበቶው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ደጋግመህ አስተማርከኝ። «የአውሮፕላን ቀበቶ የወገብ ብቻ ነው፤ በትከሻ የሚያልፍ የለውም። ስለዚህ በሰማያዊው ቀዳዳ ታስገቢና፣ ጉልበትሽን እዚህ ላይ ጫን አድርገሽ ትስቢዋለሽ» አልከኝ። ከጎኑ በቀይ የተጻፈውንም ባዕድ ጽሑፍ አሳየኸኝ፤ በመኪናም በአውሮፕላንም እንዲያገለግል የተፈቀደ ነው ይላል ብለህ ተረጎምክልኝ። ስፈታው ስገጥመው ስውል «እማዬ፣ እኛ ጋራዥ ልትቀጠሪ ነው?» እያልክ ቀለድክብኝ።

እኔ ለራሴ የማልኩት ነገር ነበረኝ። ያቺን ልጅ በእቅፌ ይዤ የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ አልሳፈርም ብዬ ነበር። እህትህ ትኬት ልትቆርጥ ስትል «ሁለት ዓመት ስላልሞላት በእቅፍሽ ትምጣ» አለችኝ። «የራሷ ወንበር ከሌላት እኔም አልመጣም» አልኳት። ደነገጠች። «እማዬ፣ አንቺ እኮ ሰው ቤት ገብተሽ ቁጭ በይ ካልተባልሽ የማትቀመጪ ሴት ነሽ፤ ዛሬ ምን ነካሽ?» አለችኝ። ምክንያቱን ዋጥኩት። ዛሬ ለአንተ የምጽፈው የአንተ ነገር ስለሆነ ነው።

አየር ማረፊያው በር ላይ ተሳስመን አንተ ከተመለስክ በኋላ ያለውን ልንገርህ። ልጅቷን በጀርባዬ አዝያለሁ፣ ወንበሩ በአንድ እጄ፣ ቦርሳው በሌላው። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ከኋላዬ ያሉት በሻንጣቸው ተረከዜን ይገፉኛል። ትኬት የምታየው ልጅ ዓይኗን ከኮምፒውተሯ ሳትነቅል «ልጅቷን ያቅፏታል አይደል፣ እማማ?» አለችኝ። እኔም «እንዴታ! እኔ ካላቀፍኳት ማን ያቅፍልኛል?» አልኳት።

አየህ፣ እኔ የሰማሁት «የልጅሽ ልጅ ናት ወይ፣ ትወጃታለሽ ወይ» ብላ የጠየቀችኝ መስሎኝ ነው። የልጅ ልጇን አላቅፍም የምትል ሴት የት አለች? ለእሷ ግን ማቀፍ የመሥሪያ ቤት ቃል ኖሯል። ወንበር የማያስፈልጋት ሕፃን ማለት ኖሯል። አውሮፕላኑ ሞልቶ ስለነበር ጠቅ ጠቅ አድርጋ የሚጢጢን ቦታ ቆሞ ለሚጠባበቅ ሰው ሰጠችው። ሁለት ወረቀት ሰጠችኝ፤ በኔ ላይ የወንበር ቁጥር አለ፣ በልጅቷ ላይ የለም። የስኳር ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳላነብ የማልጥል ሴት፣ ያን ወረቀት ሳላነብ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ውስጥ ስገባ በመስኮቱ በኩል፣ የሚጢጢ ቦታ ነው ባልኩት ላይ፣ አንድ ወፍራም ሰውዬ ጃኬቱን አውልቆ ተደላድሎ ተቀምጧል። ቦርሳዬን ከላይ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ከትቼ፣ ቦታው የልጅቷ እንደሆነ ነገርኩት። «ማዘር፣ የኔ ነው፤ ይኸው ቁጥሬ» አለና አሳየኝ። እውነትም የእሱ ነው። አንዲት ወጣት አስተናጋጅ መጣች። ወረቀቶቼን አየችና በትሕትና «እማማ፣ ልጅቷ በእቅፍ ነው የተመዘገበችው። ወንበሩን ይስጡኝ፣ ዕቃ ክፍል ይገባና ሲወርዱ ይረከቡታል። እርስዎ ጭንዎ ላይ ያድርጓት» አለችኝ። ትኬት አላት አልኳት። «አለ፤ ግን አቅፋታለሁ ብለዋል ይላል» አለች። ብያለሁ። በገዛ አፌ ብያለሁ።

ልጄ፣ ያኔ ላብ ከአንገቴ ወደ ወገቤ ሲወርድ ተሰማኝ። ሰው ከኋላዬ ተደርድሮ ቆሟል፤ ሚጢጢ ጀርባዬ ላይ ፀጉሬን ትጎትታለች። አስተናጋጇ ወንበሩን ልትወስድ እጇን ዘረጋች። እኔም «አላቅፋትም» አልኩ።

ድምፄ ምን ያህል እንደወጣ ያወቅሁት ሦስት ረድፍ ሰው ዞሮ ሲያየኝ ነው። በመተላለፊያው ማዶ ሕፃን የታቀፈች አንዲት ሴት «ኧረ ጉድ! ምን ዓይነት አያት ናት?» አለች። ሌላው ከኋላ «የእንጀራ አያት ትሆናለች» አለ፤ ሰው ሳቀ። ወፍራሙ ሰውዬም «ማዘር፣ ልጅቷን ከጠሏት እኔን ይቀፉኝና ወንበሩን ልልቀቅ» ሲል ሳቁ ደመቀ። በሌላ ቀን ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ወንበሩን አጥብቄ ያዝኩት።

አስተናጋጇ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እጅዎን ያምዎታል እንዴ? ከሆነ ይንገሩኝ፣ ለአለቃዬ እነግረዋለሁ» አለችኝ። አዎ ብል ያልቅ ነበር። አንዲት ቃል ናት። ግን ስለ ክንድ የተነገረ አንድ ውሸት ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቤታችን ውስጥ ኖሯል፤ ሁለተኛ መጨመር አቃተኝ። «እጄ ደህና ነው፣ ልጄ። ግን አላምነውም። አንዴ ሕፃን አምልጦኛል» አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። ሄደችና አለቃዋን ይዛ መጣች።

አለቃው ሽበት የጀመረው፣ ቁጥብ ሰው ነው። ወንበሩን ገልብጬ ቀዩን ጽሑፍ አሳየሁት፤ በጣቴ ቃሉን አንድ በአንድ ተከተልኩለት። አነበበው፣ ወርዱን በስንዝሩ ለካ። «ወንበሩ የተፈቀደ ነው። በመስኮት በኩል መሆን አለበት፣ ሰው እንዳያሰናክል። ግን ባዶ የመስኮት ቦታ የለኝም» አለ። ወፍራሙን ሰውዬ ከኋላ፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ ያለች አንዲት ወንበር ላይ እንዲሄድለት ለመነው። ሰውየው «እኔ ምን አጠፋሁ? ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ ያገኘሁት ቦታ ነው» አለ። ልክ ነው፤ ያጠፋው ነገር የለም። አለቃው ሰዓቱን አይቶ ወደ እኔ ዞረ። «እናቴ፣ በር ልንዘጋ ነው። ወይ አቅፈዋት ይሄዳሉ፣ ወይ ይወርዳሉ። ሌላ ምርጫ የለኝም» አለኝ።

የልጅቷ የመግቢያ ፈቃድ ሊያበቃ አራት ቀን እንደቀረው ታውቃለህ። እህትህ ልጇን ካየች ዓመት ሆኗታል፤ የሆስፒታል አንሶላ ከምታጥብበት ቤት ለምና የሦስት ቀን ፈቃድ አግኝታ፣ አየር ማረፊያው ደጃፍ ላይ ልትቆም ነው። ይህን ሁሉ እያሰብኩ፣ ቦርሳዬን ለማውረድ ወደ ላይ ተንጠራራሁ። እየወረድኩ ነበር፣ ልጄ። እህትህ ዕድሜ ልኳን ይቅር እንደማትለኝ እያወቅሁ እየወረድኩ ነበር። ቦርሳው ተሰንቅሮ እምቢ አለኝ፤ ብስበው ብስበው አልመጣ አለ።

ወፍራሙ ሰውዬ ቀና ብሎ ፊቴን አየ። «ቆይ፣ ቆይ፤ ይቺ ሴትዮ የምሯን ነው!» አለ። ከዚያ እያጉረመረመ ተነሳ። «በሉ እንግዲህ፣ ሽንት ቤት ዘበኛ ሆኜ ልሂድ። ማዘር፣ የሚገባ የሚወጣውን ሁሉ እቆጥርልዎታለሁ» ብሎኝ ጃኬቱን ይዞ ሄደ። አመሰግናለሁ እንኳ ሳልለው ወደ ወንበሩ ዞርኩ።

ወንበሩን በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኩ። ቀበቶውን በሰማያዊው ቀዳዳ አስገብቼ፣ በጉልበቴ ተጭኜ፣ ሳብኩት። አልጠበቀም። አውሮፕላኑ መንቀሳቀስ ጀምሯል፣ አስተናጋጇ «ይቀመጡ» ትለኛለች፣ እኔ «አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» እላለሁ። ቀበቶው ተጠማዞ ኖሯል። አቃንቼ ስስበው ጥርቅም አለ። ነቅነቅ አደረግሁት፤ እንደ ግንብ ቆመ። ሚጢጢን አስገብቼ ትከሻዋንና ወገቧን አሰርኳት። ከዚያ ተቀምጬ የራሴን ቀበቶ አሰርኩ።

ቦርሳዬ ውስጥ መጽሐፍ ነበረኝ፤ አላወጣሁትም። በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ሳነብ አይተኸኝ አታውቅም። «ያዞረኛል» ነበር የምልህ።

መንገዱን ካጋመስን በኋላ አውሮፕላኑ ወረደ። ተንገጫገጨ ማለቴ አይደለም፤ ከሥራችን አንድ ሰው ወለሉን የነጠቀው ያህል ወረደ። ብርጭቆ ጣሪያ ነካ። ሰው ጮኸ። እኔ ሚጢጢን ልይዝ እጄን አዘዝኩት፤ ሁለቱም እጆቼ ግን ሳላዛቸው ወደ ላይ ሄዱ፣ እንደ ሌላ ሰው እጆች። እንደገና ወደቅን፣ እንደገና ተነሳን። መለስ ስል ልጅቷ ወንበሯ ውስጥ እንዳለች ናት። ቀበቶው ደረቷ ላይ ተወጥሮ ይዟታል፤ ስቅ አላት፣ የወለቀ ጫማዋን ወደ ታች ታያለች። በማዶ ያለችው፣ ምን ዓይነት አያት ናት ያለችኝ ሴት፣ ልጇን በሁለት እጇ ጠምጥማ ይዛው ነበር፤ አይቻታለሁ፣ ጠምጥማ ነው የያዘችው። ቢሆንም ልጁ ሾልኮ ግንባሩ ከፊት ካለው ወንበር ጋር ተጋጨ። አበጠ፣ አለቀሰ፣ ሌላ ነገር አልሆነም። እናቱ ግን ልጁ ዝም ካለም በኋላ ማልቀስ አላቆመችም። መሐረቤን ሰጠኋት። ምን እንደተሰማት የማውቅ እኔ ነበርኩ።

ስንደርስ እህትህ በሩ ላይ ነበረች፤ ከስታለች፣ ግን ደህና ናት። ሚጢጢ አላወቀቻትም። አንገቴ ላይ ተጣብቃ እምቢ አለች። ታክሲ ውስጥ ወንበሩን አስረን ስናስቀምጣት ጮኸች፤ እህትህም ከጎኗ ቁጭ ብላ ሳትነካት መንገዱን ሙሉ አየቻት። ቤት ደጃፍ ስንደርስ ልትፈታት ሞከረች፤ ማሰሪያው እምቢ አላት። ሚጢጢ ትንሽ ካየቻት በኋላ፣ የእናቷን ጣት ይዛ ቀዩ ቁልፍ ላይ አስቀመጠችላት። እህትህ ሳቀች፣ ከዚያ ታክሲው ውስጥ ተደፍታ አለቀሰች። ሹፌሩ «እናንተ ሰዎች፣ ትወርዳላችሁ ወይስ ታድራላችሁ?» አለን።

እያዘገየሁ እንደሆነ ይገባኛል። አሁን ልጻፈው።

አውቶቡሱ አልተገለበጠም።

ይህን መስመር ጽፌ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። አውቶቡሱ አልተገለበጠም፣ ከማንም ጋር አልተጋጨም። ውሻ ገብቶበት ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ያዘ፣ ከዚያ ጉዞው ቀጠለ። ከአርባ ሰው የተጎዳኸው አንተ ብቻ ነህ።

ዓመት ከሦስት ወርህ ነበር። ጭኔ ላይ ተኝተህ በቀኝ እጄ አቅፌሃለሁ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ አንብበው የጨረሱትን ጋዜጣ ሰጡኝ። ፊደል ከመጠቅለያ ወረቀት ላይ ለቅሜ የጨረስኩበት ጊዜ ነው፤ እያነከስኩ ነበር የማነበው። በዚያን ቀን አንድ ሙሉ መስመር ሳልደናቀፍ አነበብኩ። «ድርጅታችን ያገለገሉ ጎማዎችን በጨረታ መሸጥ ይፈልጋል» ይላል። ጎማ አልፈልግ፣ ጨረታ ምን እንደሆነ አላውቅ፤ ግን የኔ ሆነ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ቀጥሎ ያለውን ላይ ብዬ፣ ገጹን ለመግለጥ አንተን የያዝኩበትን እጅ አነሳሁ። ፍሬኑ የተያዘው ያኔ ነው። ክንድህ የፊተኛው ወንበር የብረት እግር ላይ አረፈ። አንተ ወደቅህ፤ ጋዜጣው ግን ከእጄ አልወደቀም።

ተገለበጠ ያለው አባትህ ነው፤ ነፍሱን ይማርና። አያትህ ምላሷ ስለት እንደነበር ታውቃለህ፤ ከእሷ ሊያድነኝ ብሎ ነው። ከዚያ ወሬው ራሱ እግር አወጣ። አባትህ በየሰዉ ፊት አውቶቡሱ ስንት ጊዜ እንደተንከባለለ ይተርክ ጀመር። አንተም ትምህርት ቤት «ከተገለበጠ አውቶቡስ የተረፍኩ» እያልክ ተኩራራህበት። ዛሬም ጋራዥ ውስጥ ያቺን የማትዘረጋ ክንድህን ሞተር ሥር ከተህ «ይቺን አውቶቡስ ነው አጥፎ የሠራልኝ» እያልክ ደንበኞችህን ታስቃለህ። ወሬው በተነሳ ቁጥር እኔ ወጥ ቤት የምገባው ለምን እንደሆነ አሁን አወቅህ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ዓመት ፊደል አላየሁም፤ የስኳር መጠቅለያ እንኳ ጽሑፉን ወደ ውስጥ ገልብጬ ነበር የማስቀምጠው።

አውሮፕላኑ ሲወርድ እጆቼ ወደ ላይ ሲሄዱ፣ ያቺ እናት ጠምጥማ ይዛ ልጇ ሲሾልክ፣ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ያን ቀን በሁለት እጄ ይዤህ ቢሆንስ ታመልጠኝ ነበር? ምናልባት ታመልጠኝ ነበር። ይህን ሐሳብ ለጥቂት ደቂቃ እንደ ጣፋጭ አፌ ውስጥ አላመጥኩት፣ ከዚያ ተፋሁት። ብትሾልክ ኖሮ ከሁለት እጄ ሾለክህ ማለት ነው። የሾለክኸው ግን እጄን ካነሳሁበት ነው። ደግሞም ጥፋቱ አንድ ነው፣ ውሸቱ ግን በየዓመቱ አዲስ ነበር፤ እሱን በፍሬን አላመካኝም።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር ነው። በስልክ እንዳትመልስልኝ። በስልክ ከሆነ «እማዬ ተይው፣ ያለፈ ነገር ነው» ትለኛለህ፤ አውቅሃለሁ፤ አንተ ሰምተህ ሳትጨርስ ነው ይቅር የምትል። ያ ለእኔ ይቀለኛል፣ ለአንተ ግን አይበቃህም። ጻፍልኝ። ቁጣ ከሆነ ቁጣውን ጻፍ፤ መራራም ቢሆን ጻፈው። ጊዜ ውሰድ። የምትጽፈውን ሁሉ አንዲት ቃል ሳልዘል አነበዋለሁ።

ለባለቤትህ ወገቧን እንድትጠነቀቅ ንገርልኝ፤ ደብዳቤውን ልታነብላት ብትፈልግ አልቀየምህም። ትልቋን ግንባሯን ሳምልኝ። ጉልቤውንም ሳምልኝ፣ አፉን ግን ጠብቅ። ፎቅ ላይ ላሉት ባልና ሚስት፣ ሻንጣዬን ላወረዱልኝ፣ ሰላምታዬን አድርስ። እህትህ በጣም ትስምሃለች፤ ስለዚህ ነገር ገና አታውቅም፤ ከአንተ በፊት ማንም እንዲያውቅ አልፈለግሁም። ለጋራዥ ጓደኞችህም ሰላም በልልኝ። ስለ አውቶቡሱ ሲጠይቁህ ምን እንደምትላቸው አንተ ታውቃለህ፤ ከእንግዲህ ወሬው የአንተ ነው።

እናትህ

ከእህትህ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ
ኅዳር 11 ቀን